መቶ ሃያ የግራ እጅጌ

አማቼን በሥራ ቦታ ማንም በስሙ አይጠራውም ነበር። «ሚሊሜትር» ነበር የሚሉት። ስሙን ያወጡለት ስፌት መኪና ላይ የሚቀመጡት ሴቶች ናቸው። አንድ ቀን አለቃችን አንድ ኮሌታ አንስታ «ይሄ እኮ በሁለት ሚሊሜትር ይበልጣል» ብላ ልትቆጣው ብትመጣ፣ ከጠረጴዛው ቀና እንኳ ሳይል «በሁለት አይደለም እትዬ፣ በአንድ ነው። እሱንም ስፌቱ ይበላዋል» አላት። ሜትሯን አውጥታ ለካች። አንድ ነበር።

እኔ በዚያው ልብስ ፋብሪካ ተኳሽ ነበርኩ። ሰላሳ አንድ ዓመት ካውያ ይዤ ቆሜያለሁ። ታናሽ እህቴን ለእሱ ስድር መልኩን አላየሁም፤ መልክ እንኳ ብዙም አልነበረውም። ያየሁት እጁን ነው። ሌላ ሰው የቆረጠውን ጨርቅ ጎትቼ፣ አርጥቤ፣ ለምኜ ነበር የማስተካክለው። የእሱ ግን ካውያዬ ሥር ሲገባ አይከራከረኝም። በሥራው የማይዋሽ ሰው በቤቱም አይዋሽም ብዬ አሰብኩ። ለብዙ ዓመት ልክ ነበርኩ።

የመቁረጥን ሥራ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ማስረዳት አለብኝ፤ ያለዚያ በኋላ የደረሰው አይገባም። በእኛ ቤት ጃኬት አንድ በአንድ አይቆረጥም። ጨርቁ ከጥቅሉ እየተፈታ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ንብርብር ሆኖ ይነጠፋል፤ ስልሳ ድርብ። ከላይ የካርቶን ቅዱ ይቀመጥና ዙሪያው በሳሙና ስባሪ ይሰመራል። ከዚያ ቆራጩ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ስለት ይዞ ስልሳውን በአንድ ጊዜ ይቆርጣል። ጨርቅ ደግሞ ፊትና ጀርባ አለው። ስለዚህ ሁለት አንጣፊዎች ወዲያና ወዲህ ቆመው አንዱን ድርብ ፊቱን ወደ ላይ፣ የሚቀጥለውን ፊቱን ወደ ታች እያደረጉ፣ ሁለት መዳፍ እንደሚጋጠም ፊት ለፊት ያጋጥሙታል። እንዲህ ከተነጠፈ ከሚቆረጠው እጅጌ ግማሹ የቀኝ፣ ግማሹ የግራ ሆኖ ይወጣል። ቆራጩ ስለ ቀኝና ግራ አይጨነቅም፤ አነጣጠፉ ያስብለታል። አማቼ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሠራ። በአንድም እጅጌ ላይ «ቀኝ» ወይም «ግራ» ብሎ ጽፎ አያውቅም። የሚጽፉት ጀማሪዎች ናቸው።

ክኒኗ የመጣችው ከትልቅ ትእዛዝ ጋር ነው። የጥበቃ ሠራተኞች ጃኬት ነበር፤ ብዛቱ ከአቅማችን በላይ፣ የተሰጠን ጊዜ ደግሞ አጭር። ስፌቱን ለብዙ ሰው ማከፋፈል ይቻላል፤ ቆራጭ ግን አንድ ነበር። ከበራችን ፊት ለፊት ማስቲካና ሲጋራ የምትሸጥ ኪዮስክ ነበረች። ባለቤቱ ለረጅም መንገድ ሹፌሮች ነጭ ክኒን በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ ይሸጣል። ስሟን «ባትሪ» ይሏታል። አማቼ አንድ ጠዋት ከካውያዬ አጠገብ ቆሞ አንዷን በውሃ ሲውጥ አየሁት።

«ምንድናት?» አልኩት።

«ባትሪ ናት ጋሼ። ለዛሬ ብቻ።»

«ሰው ነህ ወይስ ሬዲዮ?»

ሳቀ። ያን ቀን ሙሉ ሳቀ። በባሕርዩ ዝምተኛ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ከሴቶቹ ጋር ተቀላለደ፣ አለቃችንን በጫማዋ አሾፈባት፣ የሁለት ቀን ሥራ በአንድ ቀን ጨረሰ። ማታ አብረን ወደ ቤት ስንሄድ «ጋሼ፣ ዓለሙን በቆሸሸ መስታወት ሳየው ኖሬያለሁ ለካ» አለኝ። «ዛሬ ሰው የወለወለልኝ ይመስለኛል። ስለቱ ጨርቁን ሲነካ ድምፁ እንኳ ይጣፍጣል።»

ስለ ክኒኗ መጥፎ ነገር ብቻ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ክኒኗን ከቀመሰ ሰው ጋር ተቀራርቦ እንደማያውቅ አውቃለሁ። መጀመሪያ የምትሰጠው እውነተኛ ደስታ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው። የሚያስለቅስ ቢሆንማ ማን ይገባበታል?

ትእዛዙ አለቀ። ክኒኗ ግን አላለቀችም። በዓመቱ አንዷ ሁለት ሆነች፤ በሁለተኛው ዓመት መቁጠሩን ተወው። «ያቺ የመጀመሪያዋ ቀን አልተመለሰችም» አለኝ አንድ ጊዜ። «አሁን የምወስደው ለመደሰት አይደለም ጋሼ። እንደ ሰው ለመቆም ነው።»

ሰውነቱ ከዓይናችን ፊት እያለቀ ሄደ። የሱሪውን ወገብ ራሱ ነበር የሚያጠብበው፤ ሦስት ጊዜ አጠበበው፤ ሦስቱንም ጊዜ የተኮስኩለት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ጊዜ ሁለቱ የኋላ ኪሶች ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ምግብ ሲቀርብለት እንደ ሥራ ያየው ነበር። መንጋጋው ምንም ሳይጎርስ ያኝካል፤ የኋላ ጥርሱ ተሰነጠቀ። ከንፈሩ ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ክረምት ከበጋ ከግንባሩ ላብ አይጠፋም፤ ጣቱ ግን ስትጨብጠው እንደ ብረት ይቀዘቅዛል። ሁለትና ሦስት ቀን ሳይተኛ ይቆይና በእረፍት ቀኑ እንደ ሞተ ሰው ይወድቃል።

እህቴ ወደ እኔ መጣች። የምትመጣው ሲጨንቃት ብቻ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ትናንት ቤት ያለውን መርፌ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ እንደ ቁመቱ ሲደረድር ዋለ» አለች። «ሲጨርስ አፈረሰውና እንደገና ጀመረ። ልጂቱ ‹አባዬ ምን እየሠራህ ነው?› ብትለው፣ ‹አንዷ ጎድላለች፣ ማን ወሰዳት?› ይላታል።»

«ጎድላ ነበር?»

«አንተም ትጠይቀኛለህ? መርፌ ቆጥሬ አውቃለሁ እንዴ?»

ልጃቸው ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከአባቷ የወረሰችው ዝምታውን ነው። በኋላ እንደነገረችኝ፣ አባቷ ሲተኛ ደረቱ ላይ እጇን ታኖር ነበር። «ተኝቶም እየሮጠ ነው አጎቴ» አለችኝ። «ልቡ አይቀመጥም።»

መከርኩት። ቁጣም ልመናም ሞከርኩ። ኪዮስኩ ድረስ ሄጄ ሰውየውን ለመንኩት። «አባባ፣ እኔ ካልሸጥኩለት የሚቀጥለው በር ይሸጥለታል» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ የሚቀጥለው በርም ይሸጥ ነበር።

ጥርጣሬው ከዚያ ወዲያ ነው የበረታው። አንጣፊዎቹ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ለዓመታት አብረውት የሠሩ፣ እጃቸውን የሚያውቀው። አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱን ከጠረጴዛው አባረራቸው። «ጨርቁን ሆን ብለው እያጣመሙ ያነጥፋሉ፣ ስሜን ሊያጠፉ ነው» አለ።

ትልቁ ወንድም ነገሩን በቀልድ ሊያልፈው ሞከረ። «ሚሊሜትር፣ እኛ ስምህን ልናጠፋ ይቅርና ትክክለኛ ስምህንም ረስተነዋል።»

«ውጡ አልኩ» አለ። «እኔ ራሴ አነጥፋለሁ።»

አለቃችን ሥራው እስከሄደ ድረስ ጣልቃ አትገባም። ወንድማማቾቹን ወደ እኔ ላከቻቸው፤ ያን ቀን ልብስ ሲያጥፉልኝ ዋሉ። የጥበቃዎቹ ጃኬት እንደገና ታዝዞ ነበር፤ የዕለቱ ሥራ እጅጌ ብቻ ነው። እሱ ስልሳውን ድርብ ብቻውን አነጠፈ። ለሁለት ሰው የሆነ ሥራ ነው። ጨርቁን ይዞ ጠረጴዛው ጫፍ ይደርሳል፣ ይቆርጠዋል፣ ወደ ጥቅሉ ተመልሶ እንደገና ይስባል። ሁሉንም ድርብ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ነበር ያነጠፈው። ብቻውን የሚሠራ ሰው የሚቀናው እንደዚያ ነው፤ ጨርቁ ከጥቅሉ ሲወርድ ፊቱን ይዞ ነው የሚወርደው። በዚያ መልክ ያነጠፈ ሰው የእጅጌውን ቅድ አንድ ጊዜ በፊቱ፣ አንድ ጊዜ ገልብጦ ማስቀመጥ አለበት። ይህን ማንም ቆራጭ ያውቀዋል። የእሱ ሐሳብ ግን ሁሉ የጨርቁ ጠርዝ ላይ ነበር። ጠርዙ እንደ ግድግዳ ቀጥ እንዲል ስልሳውን ድርብ በጣቱ እየዳሰሰ፣ አንዲት ክር ብትወጣ እየመለሰ፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ቆመ። እንደዚያ የተስተካከለ ጠርዝ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ከምሳ በኋላ የእጅጌውን ቅድ ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም በፊቱ አስቀመጠና ቆረጠ።

በማግስቱ እጅጌ የምትገጥመው ሴት አንድ እሽግ ፈታች። አንድ አነሳች፣ ሌላ አነሳች፣ እየገለበጠች አየቻቸው። ሁለተኛውን እሽግ ፈታች።

«ሚሊሜትር፣ የቀኙን የት አኖርክልን?» አለች።

«እዚያው ውስጥ ነው።»

«የለም እኮ። ሁሉም ግራ ነው። ምንድናቸው እነዚህ ጥበቃዎች፣ ሌባ የሚይዙት በአንድ እጅ ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳልስቅ አልቀረሁም። እሱ ግን መጥቶ እሽጎቹን ሁሉ ፈታ። መቶ ሃያ እጅጌ ነበር፤ መቶ ሃያውም የግራ። ሳቁ ከመደዳ ወደ መደዳ እየጠፋ ሄዶ የመኪናዎቹም ድምፅ ቆመ። ጠረጴዛው ሥር ገባ። የቀኞቹን ይፈልግ ነበር። የብጥስጣሽ ጆንያውን ደፋው፣ የእኔን ቅርጫት ደፋው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። የዓይኑ ጥቁር ዓይኑን ሞልቶት ነበር።

«ጋሼ፣ የት ወሰዳችኋቸው?»

«ማንም የወሰደ የለም። አነጣጠፉ ነው። ፊቱን አላጋጠምከውም።»

«እኔ?» አለ። «እኔ ነኝ ፊት የማላጋጥመው?» አንዱን እጅጌ ገልብጦ ክንዱ ላይ ለካው፤ የጨርቁ ጀርባ ወደ ውጭ ሆነ። እንደገና ገለበጠው። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው እንደ ሕፃን እጅጌ ይገለብጥ ጀመር። አራተኛው ወይ አምስተኛው ላይ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ፤ ከዚያ በጎኑ ወደቀ።

ሆስፒታል የመረመረችው ሐኪም የልጄ እኩያ ናት። ውጤቱን የሚነግረውን ወረቀት ሰጠችኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ ስለሆነ ሳነብ አልቸኩልም፤ ቀስ ብዬ አነበብኩት፣ አልገባኝም። ስላልገባኝም አላፈርኩም። «ልጄ፣ ይሄን ለተኳሽ እንደሚነገር አድርገሽ ንገሪኝ» አልኳት።

ወንበር ስባ ከፊቴ ተቀመጠች።

«እሺ አባቴ። ሰው አውሬ ሲያሳድደው ምን ይሆናል? ልቡ ይመታል፣ የደም ሥሩ ይጠባል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ አፉ ይደርቃል። ረሃብም እንቅልፍም ይጠፋል፤ እየሸሸ የሚበላና የሚተኛ የለምና። ክኒኗ ለሰውነት ‹አውሬ መጣብህ› ነው የምትለው። አውሬ ግን የለም። እሳቸው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው ለዓመታት ሲሸሹ ኖረዋል። ልብ ጡንቻ ነው፤ በጠበበ ቧንቧ ደም ሲገፋ ኖሮ ተለጥጧል።»

«ጉልበቱ ላይ እንደተወጠረ ሱሪ?»

«እንደዚያ በሉት» አለች።

«እሱን እኮ ብትተኩሺውም፣ ሲቀመጥበት ተመልሶ ያብጣል።»

«ልባቸው መድኃኒቱን ከወሰዱ፣ ክኒኑንም ከተዉ ጥቂት ሊመለስ ይችላል» አለች። «ሌላም ነገር አለ። አእምሮ ውስጥ ‹ደግ አደረግክ› የሚል ነገር አለ። ሰው ሥራ ሲጨርስ፣ ልጁ ስትስቅ፣ ሲርበው ሲበላ ጠብ ይላል። በጠብታ ነው የምንኖረው። ክኒኗ ቧንቧውን ትከፍተዋለች። አእምሮም ጎርፉ ሲበዛበት በሩን እየዘጋ ይሄዳል። ከዚያ ክኒኗ ስትቀር፣ በሩ እንደተዘጋ፣ ጠብታዋ ብቻ ትቀራለች። ጠብታ ደግሞ በተዘጋ በር አይሰማም።»

«ይከፈታል?»

«ብዙ ሰው ላይ ቀስ በቀስ ይከፈታል። ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ምንም የሚያስደስታቸው ነገር ላይኖር ይችላል። አትቆጧቸው። አታቻኩሏቸውም። ወደ ክኒኗ የሚመለሱት ያኔ ነው። በዚህ ልብ ደግሞ አንዷም ልትበዛ ትችላለች።»

አታቻኩሏቸው ማለቷን ሰምቻለሁ። እህቴም ሰምታለች። ይህን የምጽፈው አልሰማሁም ማለት ስለማልችል ነው።

ፋብሪካው አሰናበተው። ቤት ገብቶ የመጀመሪያውን ሳምንት ተኛ። ሲነሣ እንደ ተራበ ሰው በላ፤ ጉንጩ ሞላ፣ እህቴም ተስፋ አደረገች። ከዚያ በኋላ የመጣው ባዶነት ግን አልሄደም። መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ብትጠራው ይመልሳል፣ ብትሰጠው ይበላል። ጥርጣሬው ጠፋ፣ ቁጣው ጠፋ፤ አብሮት ሌላውም ሁሉ ጠፋ። ልጂቱ ትምህርቷን በጥሩ ውጤት ጨርሳ ወረቀቷን ስታሳየው «ጎበዝ» አላት፤ የአውቶቡስ ትኬት የሚቆርጥ ሰው «እሺ» በሚልበት ድምፅ።

«ደስ እንደሚል አውቃለሁ ጋሼ» አለኝ በኋላ ብቻችንን ስንሆን። «እንደ ታሪክ አውቀዋለሁ። ሰው ሩቅ አገር ዝናብ ጣለ ብሎ እንደነገረህ። እኔ ላይ አልጣለም።»

«ትንሽ ታገሥ። ሐኪሟ ዓመት ብላለች።»

«ስድስት ወር ሆነኝ። ቀኑን ታውቀዋለህ? አንድ ቀን ስንት እንደሚረዝም ታውቃለህ?»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እኔ ይህን ተረት ለሰው ስናገር ኖሬያለሁ፤ ለራሴ መናገር ግን አልቻልኩም። ሚሊሜትርን መስኮት ሥር ተጥሎ ማየት አሳፈረኝ። እኔ የዳርኩት ሰው ነው፤ እጁን አይቼ። ሥራ ያልተመለሰለት ሰው አይድንም ብዬ ወሰንኩ። ከሐኪሟ ይልቅ ሥራን አውቃለሁ አልኩ።

በስምንተኛው ወር ልጂቱ ቢሮ ተቀጠረች፤ ሥራ የምትጀምረው ከወር በኋላ ነው። ጥሩ ኮት የላትም ነበር። ሄጄ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ ከነገበሩ አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

«ለልጅህ ነው» አልኩት። «ሥራ የምትገባበት ኮት።»

ጨርቁን በሁለት ጣቱ ያዘው። ድሮ ጨርቅ ሲይዝ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ አሁን አልተንቀሳቀሰም።

«ጥሩ ጨርቅ ነው። ሰፊ ጋ ውሰድላት።»

«አንተ እያለህ?»

«እጄ አለ ጋሼ። እጄ ምንም አልሆነም። ፍላጎቱ ነው የሌለው። ስለቱን ባነሳ ለምን እንዳነሣሁት አላውቅም።»

«ስትጀምረው ይመጣል።»

«ካልመጣስ? አሁን ቢያንስ እንደማይመጣ ጀምሬ አላየሁም።»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። «እንግዲያው ሚሊሜትር ሞቷል በለኝና ልሂድ» አልኩት። «ልጅህም ትስማው።» ልጂቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አጎቴ፣ ተወው፤ ኮት አልፈልግም» አለች።

እሱ ጨርቁን አጠፈና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖረው። ጨርቁ ሦስት ሳምንት እዚያው ተቀመጠ። እህቴ በየጠዋቱ አቧራውን ታራግፍለት ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ስልክ ደወለች። ድምፅዋ የልጅነት ድምፅዋ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ እየሳቀ ነው። ጠዋት ወጣ ብሎ ተናፍሶ መጣ። ጨርቁን ዘርግቶታል። ሳሙና አምጪልኝ ብሎ ከመታጠቢያ ቤት ሳሙናዬን ወሰደብኝ። ና፣ ና እየው።»

ሄድኩ። በሩ ተከፍቶ ገና ከደረጃው ፉጨቱ ይሰማኛል። ገብቼ ጠረጴዛውን ዞሬ ከፊቱ ቆምኩ። «መጣህ ጋሼ? ገበሩን ያዝልኝ፣ እንዲህ፣ አትጎትተው። ተኳሽና ሚስት አይጎትቱም» አለ። እህቴ ከወጥ ቤት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መንጋጋውን አየሁ። ባዶውን ያኝክ ነበር። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር፤ ጠዋቱ ግን ቀዝቃዛ ነው። ገበሩን ሲያቀብለኝ ጣቱ ጣቴን ነካው፤ እንደ ብረት ነበር።

አወቅሁ። ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እኔ ባላውቅ ማን ያውቃል?

ነገር ግን እህቴ ትስቅ ነበር። ልጂቱ በሰበብ አስባቡ እየገባች በዳር ታየው ነበር፤ ዓይኗ ላይ ለዓመታት ያላየሁት ነገር ነበር። ስለቱ ጨርቁን ሲነካ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ኮቱን ይጨርስ፣ ነገ ጠዋት ብቻውን አግኝቼ እነግረዋለሁ፣ ካስፈለገም ይዤው ወደ ሐኪሟ እሄዳለሁ አልኩ። ገበሩን ያዝኩለት። እስኪጨርስ ድረስ ያዝኩለት።

ቆርጦ፣ ራሱ መኪናው ላይ ተቀምጦ ሰፋው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮቱ ቆመ፤ ቁልፍ መትከል፣ ብብቱ ላይ ገበሩን መዝጋትና ካውያ ብቻ ቀረው። ልጂቱን አልብሷት ወደ ኋላ ሄደና ትከሻዋን አየ። «ዙሪ» አላት። ዞረች። «እጅሽን አንሺ።» አነሳች። ኮቱ አብሯት ተነሥቶ አብሯት ወረደ፤ አንዲት ሽብሽብ አላሳየም።

«አባዬ፣ ልኬን መቼ ወሰድክ?»

«ስትወጪ ስትገቢ» አላት።

እኔ ከመሄዴ በፊት በር ላይ ቆመን ክንዱን ያዝኩት። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ። የምነግርህ ነገር አለኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለ። «አይተኸኛል። ዝም ስላልክ አመሰግናለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ በሩ ላይ ሰው ቆሞ ነበር። ማለዳ ተነሥቶ ልብሱን ለብሶ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ መስኮቱ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ አገኙት። ኪሱ ውስጥ የጋዜጣ ቁራጭ ነበር፤ ውስጡ አንዲት ቀርታ ነበር፤ ሌላውን ወስዶታል ማለት ነው፤ ሁለት ይሁን ሦስት አላወቅንም። ለሐኪሟ ብነግራት አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ እወድ ነበር።

ያን ቀን ክኒኗን መውሰዱን አይቼ ዝም ማለቴን ለእህቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። «ያቺ ቀን ባትኖር ምን ይዤ እቀር ነበር ወንድም ጋሼ» ትላለች፤ ያን ኮት የሰፋባትን ቀን ማለቷ ነው። ምን ብዬ ልንገራት?

ከቀብሩ በኋላ ልጂቱ ኮቱን ይዛ ቤቴ መጣች። ቁልፉን ራሷ ተክላለች። «ሰኞ ሥራ እገባለሁ አጎቴ። ልለብሰው ነው» አለች። ካውያዬን አሞቅሁ። እጅጌውን ለመተኮስ ወደ ውስጥ ስገለብጠው ከብብቱ አጠገብ፣ ገበሩ ገና ባልተዘጋበት ቦታ፣ የሳሙና ጽሕፈት አየሁ። በአንደኛው «ቀኝ» ይላል፤ ሌላውን ገለበጥኩ፣ «ግራ» ይላል። በትልልቅ ፊደል፣ እንደ ጀማሪ።

ልጂቱ አላየችውም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። የልብስ ሰፊ ሳሙና የሚወደደው በእንፋሎት ስለሚጠፋ ነው። ኮቱ ያለ ካውያ አይለበስም፤ እሷም ሰኞ ሥራ ትገባለች። የቀኙን ተኮስኩ። ከዚያ የግራውን ተኮስኩ። ሲቀዘቅዝ ገበሩን ዘግቼ ሰጠኋት።